የአደራ ልጅን በጉዲፈቻ ማሳደግ፦ ሕግ የሚለውና በር ላይ የሚባለው (ከደሴና ኮምቦልቻ የውይይት ክር)

ክሩን የከፈተችው ከደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምትጽፍ ሴት ናት። ጥያቄዋ አንድ ነው። አንድ ልጅ በአደራ ቤተሰብ፣ ማለትም ለጊዜው ተረክቦ በሚያሳድገው ቤተሰብ፣ እጅ ሁለትና ሦስት ዓመት አድጎ፣ አሳዳጊዋን እማዬ ማለት ከለመደ በኋላ፣ ያችው አሳዳጊ በጉዲፈቻ ልጄ ላድርገው ስትል ለምን እንደ ባዳ ከበር ትመለሳለች? ለመመለሷ የሚሰጡትን ምክንያቶች ዘርዝራለች፤ አላገባሽም፣ ቤቱ የኪራይ ነው፣ ሃይማኖትሽ ከልጁ ወላጆች ሃይማኖት ይለያል፣ ዕድሜሽ ገፍቷል። ከእነዚህ ውስጥ ሕግ የትኛው ነው፣ ልማድስ የትኛው ነው ብላ ጠየቀች። ከዚያም ከቀበሌ እስከ ፍርድ ቤት ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው በቅደም ተከተል እንዲያስረዳት ለመነች። መልሶቹን በየቁጥራቸው እነሆ፤ የተደጋገመውን አሳጥሬ፣ የሚጠቅመውን አስፍቼ።

መልስ 1። በትሕትና ይጀምራል። ጸሐፊው ጠያቂዋን እህታለም ብሎ ጠርቶ አብሽሪ ካላት በኋላ ከሕገ መንግሥቱ ተነሣ። አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት ወላጅ አልባ ለሆኑ ሕፃናት የተለየ ጥበቃ እንዲያደርግ፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሥርዓት የሚያመቻቹ ተቋማት እንዲቋቋሙም እንዲያበረታታ ያዛል። ስለዚህ ይላል፣ ልጅ ላሳድግ ብሎ የመጣን ሰው በጥርጣሬ ዓይን ማየት ከሕጉ መንፈስ ውጭ ነው። የሀገር ውስጥ ቤተሰብ አስፈላጊነት የጨመረውም አዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን ካስቀረ ወዲህ መሆኑን አስታወሰ። ያ በር ሲዘጋ የሀገሬው በር ሊሰፋ ይገባው ነበር።

መልስ 2። ይህኛው ወደ መስፈርቶቹ ገባ። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጉዲፈቻ አድራጊው ዕድሜው ከ25 ዓመት ያላነሰ መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት ከሆኑ አንዳቸው 25 ከሞላቸው ይበቃል። ያገባ ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር በአንድነት ካልሆነ ጉዲፈቻ ማድረግ አይችልም፤ የትዳር ጓደኛውን ልጅ የሚወስድ ሲሆን ግን ይለያል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። የልጁ እናትና አባት በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። ስምምነቱን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም። ቀጥሎ የጻፈው ነው ብዙ ሰው የወደደለት፤ በሕጉ ውስጥ የሌለውን ዘረዘረ። ማግባት ግዴታ ነው የሚል አንቀጽ የለም። የራስ ቤት ይኑርህ የሚል የለም። ለጉዲፈቻ አድራጊው የዕድሜ ጣሪያ አልተቀመጠም። የራሱ ልጅ ያለው ሰውም አይከለከልም፤ ዳኛው የሁሉንም ልጆች ጥቅም ያያል እንጂ።

መልስ 3። የመልስ 2ን ይዘት ተቀብሎ አዋጁን አረመ። 213/1992 የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የሚመሩት በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የሁለቱ ይዘት ተቀራራቢ ቢሆንም የአንቀጽ ቁጥሩን ከክልሉ ዝክረ ሕግ (የክልሉ የሕግ ጋዜጣ) ላይ አይቶ መጻፍ ይገባል። የፌዴራሉን ጠቅሶ ማመልከት ጉዳዩን ባያስወድቅም ለእርማት ሲባል ቀጠሮ ያስበላል። እርማቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በኢንተርኔት ላይ የሚዞረው የማመልከቻ ናሙና ሁሉ የአዲስ አበባው በመሆኑ ደሴ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው።

መልስ 4። ክሩ እዚህ ላይ ሻከረ። መላሹ በአክብሮት ጀምሮ ሕጉ ዝም ስላለ ብቻ ይፈቀዳል ማለት አይደለም አለ። ያላገባ ሰው ለብቻው ልጅ ማሳደግ ልጁን ያለ አባት ወይም ያለ እናት ማስቀረት ነው፤ ደግሞም ብዙዎቹ ነገ ጧሪ ፍለጋ ወይም የቤት ሥራ የሚሠራላቸው ፍለጋ ነው የሚመጡት ብሎ ደመደመ። ከመካኖች ጋር የተያያዘ አንድ ክፉ ቃልም ጨመረ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም።

መልስ 5። የተቆጣ መልስ ነው። ልጁ አሁንም አባትና እናት የለውም፤ ምርጫው በአንድ እናትና በሁለት ወላጅ መካከል ሳይሆን በአንድ እናትና በማሳደጊያ አልጋ መካከል ነው አለ። ጉልበት ፍለጋ የሚመጣ ሰው መኖሩን ግን አልካደም። እሱን የሚያጣራው የቤት ጉብኝት ነው፤ የጋብቻ ወረቀት አይደለም። ያገባም ሰው ልጅን ገረድ ያደርጋል። ሕጉም መፍትሔ አለው፤ ጉዲፈቻ በመርሕ ደረጃ የማይሻር ቢሆንም፣ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው ወይም ለጥቅም ብሎ ለብልግና ሥራ ከዳረገው ፍርድ ቤት ይሽረዋል። ስለ መካንነት የተጻፈውን ቃል እንዲያነሣም በግልጽ ጠየቀው። መላሽ 4 ቃሉን አነሣ፤ ሐሳቡን ግን አላነሣም።

መልስ 6። ከክሩ ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው። የጻፈችው የቤት ጥናት የምትሠራ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ መሆኗ ከአጻጻፏ ይታወቃል። የቤት ኪራይን ነገር ከሥሩ ፈታችው። ባለሙያ ስለ ቤት የሚጠይቀው ልጁ በየስድስት ወሩ ሰፈርና ትምህርት ቤት እንዳይቀያይር ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት ቤቱ ጸንቶ መቆየቱ ነው፤ የማን ስም ላይ መሆኑ አይደለም። ተከራይ የሆነ አመልካች ቢያንስ የአንድ ዓመት የጽሑፍ ውል፣ ከአከራዩ ልጅ መጨመሩን የማይቃወም መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ በሰፈሩ ስንት ዓመት እንደኖረ የሚያስረዳ የቀበሌ ማስረጃና የቅሬ (የእድር) አባልነት ደብተር ቢያቀርብ ጥያቄው በወረቀት ይመለሳል። የቅሬ ዳኛ ምስክርነት ወሎ ውስጥ ከብዙ ማኅተም ይበልጣል፤ ሰውየው ለቅሶ ሲደርስም ሲቀርም የሚያውቀው እሱ ነውና።

ጉብኝቱ ላይ የሚታየውንም ነገረችን። ልጁ የሚተኛበት ለብቻው የሆነ አልጋ ወይም ፍራሽ፤ ለብቻው ክፍል ግዴታ አይደለም፣ ከአዋቂ ወንድ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ መተኛት ግን አይፈቀድም። ከሰል ወይም ቡታጋዝ የሚነድበት ቦታ ከመኝታው መለየቱ። የመጠጥ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ትምህርት ቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ። አሳዳጊዋ ሥራ ስትሄድ ልጁን ማን እንደሚይዘው፣ ያ ሰው ራሱ መጥቶ ይናገራል። አሳዳጊዋ ብትታመም ወይም ብትሞት ማን ይረከበዋል የሚለው ጥያቄ ብዙ አመልካቾችን ያስደነግጣል፤ ላላገባች ሴት ዋናው ጥያቄ ግን እሱ ነው። መልሱም እህት ወይም የቅርብ ዘመድ ፈርማ የምትሰጠው የተጠባባቂነት ቃል ነው። አንዲት ያላገባች አመልካች ይህን ይዛ ከመጣች፣ ትዳር የለሽም የሚለው ምክንያት የሚቆምበት መሬት ያጣል። እኔም ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ይወሰድ ቢባል ይህን እመርጣለሁ።

መልስ 7። አጭር ነው። ኤችአይቪ በደሙ ያለበትን ሰው ወይም አካል ጉዳተኛን ከመጀመሪያው ማስቀረትም ያው መድልዎ ነው አለ። መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ አብሮ በመብላትና በመኖርም ቫይረሱ አይተላለፍም። አካል ጉዳተኞችን በተመለከተ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በአንቀጽ 23፣ ጉዲፈቻን በስም ጠቅሶ መብታቸውን ያረጋግጣል። የጤና ማስረጃ የሚጠየቀው አሳዳጊው ልጅ ማሳደግ መቻሉን ለማወቅ ነው።

መልስ 8። የክሩን መነሻ ራሱን አረመ፤ ጠያቂዋ ቅር ሳይላት አልቀረችም። የአደራ ቤተሰብ ለጉዲፈቻ መሸጋገሪያ ሆኖ አልተፈጠረም አለ። በ2001 በወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ቢሆን አደራና ጉዲፈቻ ለየብቻ የቆሙ አማራጮች ናቸው፤ አደራ ጊዜያዊ ነው፣ የመጀመሪያ ዓላማውም ልጁን ወደ ወላጆቹ ወይም ወደ ዘመዶቹ መመለስ ነው። በተለይ በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ከቤተሰብ የተለያዩ ልጆች ነበሩ። መፈናቀል ባለበት ጊዜ ፍለጋው ሳያልቅ ጉዲፈቻ አይታሰብም፤ በዓለም አቀፍ አሠራር ፍለጋው በደንብ መደረጉን ለማረጋገጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጠበቃል። ቀይ መስቀል የጠፋ ቤተሰብ የማፈላለግ አገልግሎት አለው። ስለዚህ አሳዳጊዋ ፍለጋው መደረጉን የሚያሳይ ወረቀት ከፋይሉ ውስጥ መኖሩን አስቀድማ ትጠይቅ። ይህ ወረቀት ጠፍቶ ዳኛ ፊት የተቀመጠ ፋይል ይመለሳል፤ መመለሱም ትክክል ነው። ነገር ግን ፍለጋው አልቆ ዘመድ ካልተገኘ፣ ልጁን ከለመደው ቤት አውጥቶ ለሌላ እንግዳ መስጠት ሁለተኛ መለያየት ነው ብሎ ጠያቂዋን ደገፈ።

መልስ 9። ቅደም ተከተሉን የጻፈው ይህ ነው። መጀመሪያ ለከተማው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማመልከት፤ በቃል የተጠየቀ ነገር በፋይል አይቀመጥምና ማመልከቻው መዝገብ ቁጥር ተሰጥቶት ቅጂው ላይ ይመታ። ከማመልከቻው ጋር የነዋሪነት መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ማስረጃ፣ ከወንጀል ነጻ የሚል የፖሊስ ማስረጃና ጉርድ ፎቶግራፍ ይያያዛል። የሚነግድ ሰው የደመወዝ ደብዳቤ የለውምና ንግድ ፈቃዱንና የግብር ደረሰኙን ያቅርብ። በልጁ በኩል የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጆች የሞት ማስረጃ ወይም ስምምነት፣ ተጥሎ የተገኘ ከሆነ የፖሊስ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከዚያ የቤት ጥናት፣ ቀጥሎ የጉዲፈቻ ስምምነት መፈረም፣ በመጨረሻም ለወረዳ ፍርድ ቤት ማቅረብ። ዳኛው የልጁን ሐሳብ ይሰማል፤ ልጁ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ በቀላል ቃል ይነገረው እንጂ የሚመልሰውን ማስጠናት አይገባም፤ ዳኛ የተጠናን መልስ ይለየዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚደጋገም ጥፋት አነሣ። ማመልከቻው ላይ የሚጠየቀው ዳኝነት ጉዲፈቻው ይጽደቅልኝ በሚለው ብቻ ከቆመ፣ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ ስም ምንም ሳይል ያልፋል፤ ያኔ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሹሙ የአባት ስም አልለውጥም ይላል። ስሙ እንዲለወጥም ሆነ እንዲቀጥል ከተፈለገ በዳኝነቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ከዚያም ጉዲፈቻው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ይመዝገብ። ጽሕፈት ቤቱ ባይፈቅድም ግድ የለም፣ በቀጥታ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል ብሎ ጨረሰ።

መልስ 10። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ያዘና በቁጣ አረመ። ሰው የሚያስት ምክር ነው አለ። ወላጅ ወይም አሳዳሪ ዘመድ ያለው ልጅ ከሆነ ስምምነቱን የሚፈርመው ያ ሰው ነውና የመሥሪያ ቤቱ አስተያየት ለዳኛው ማስረጃ ብቻ ይሆናል። ልጁ በመንግሥት ወይም በግል ማሳደጊያ ኃላፊነት ሥር ካለ ግን ፈራሚው ያው ተቋም ነው፤ እሱ ካልፈረመ የሚጸድቅ ስምምነት የለም። ስለዚህ ለአደራ አሳዳጊ መንገዱ ክልከላውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ምክንያቱ ወረቀት ላይ ሲሰፍር አላገባችም የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ማንም ሕግ ጠቅሶ ሊጽፈው አይችልምና። ከጠፋ መልካም። ካልጠፋ ደብዳቤውን ይዞ ለበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። መላሽ 9 ስሕተቱን አምኖ አመሰገነ፤ ቁጣው ግን ባያስፈልግም ነበር።

መልስ 11። ወሎ ውስጥ ያለ ሰው የሚጠብቀው ጥያቄ እስከዚህ ሳይነሣ መቆየቱ ገርሞኛል። ሙስሊም አሳዳጊዎች ምን ያድርጉ? መላሹ በእርጋታ አስረዳ። በሸሪዓ የቲምን (ወላጅ አልባን) ማሳደግ ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው፤ የተከለከለው የልጁን ዘር መሠወር ነው። በቁርኣን በሱረቱል አሕዛብ፣ 33፥5፣ ልጆችን በአባቶቻቸው ስም ጥሯቸው ተብሏል። ስለዚህ ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ የሚመርጠው ከፋላን ነው፤ ልጁ የወላጅ አባቱን ስም እንደያዘ ያድጋል፣ በዘር ውርስ አይገባም፣ አሳዳጊው ግን ከሀብቱ እስከ ሢሶ በኑዛዜ ሊሰጠው ይችላል። ይህን የሚመርጥ ሰው ቢያንስ የአሳዳሪነትና የሞግዚትነት ውሳኔ ያውጣ፤ አሳዳሪው ለልጁ አካል፣ ሞግዚቱ ለንብረቱ ነው፤ ያለዚያ ሆስፒታልም ትምህርት ቤትም ሲደርስ በልጁ ስም የሚፈርም ሰው አይኖርም። ይህ ውሳኔ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው እንደሚያበቃም አስጠነቀቀ። ሃይማኖት የተለያየበትን ጉዳይም ነካ። የልጁ ወላጆች እምነት ከታወቀ መጀመሪያ በዚያው እምነት ያለ ቤተሰብ መፈለጉ ተገቢ ነው፤ ካልተገኘ ግን ልጁን ማሳደጊያ ውስጥ ማቆየት ለማንም እምነት አይጠቅምም። አንድ ሰፈር ውስጥ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ተጎራብቶ በሚኖርበት ከተማ ይህ ሊከብድ አይገባም አለ፤ ተስማምቻለሁ።

መልስ 12። ስለ ጡት ልጅነት ጨመረች። ልጁ ከሁለት ዓመት በታች ሆኖ አሳዳጊዋ ወይም እህቷ ብታጠባው በሸሪዓ የጡት ዝምድና ይመሠረታል፤ በሻፍዒይ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ አረዳድ) በተለያየ ጊዜ አምስት ጊዜ መጥባት አለበት። ይህ ልጁ ሲያድግ ቤት ውስጥ በመሸፋፈንና በጋብቻ ጉዳይ ላይ የሚመጣውን ጭንቅ ያቀልላል። ውርስን ግን አያመጣም። በክርስቲያኑም ዘንድ የጡት ልጅ የቆየ ባህል መሆኑን አስታውሳ፣ ባህሉ ዝምድናን እንጂ ወረቀትን እንደማይተካ ተናገረች። የምታጠባ ሴት አስቀድማ መመርመር እንዳለባትም አልዘነጋችም።

መልስ 13 እና 14። ክሩ ከመንገዱ ወጣ፤ ግን ጥሩ አወጣጥ ነበር። አንዱ ጡት ካልተገኘስ ብሎ ስለ ዱቄት ወተት ጠየቀ፤ ሌላዋ መለሰች። ውሃው ፈልቶ ከግማሽ ሰዓት ሳያልፍ፣ ገና ትኩስ ሳለ ይበጥበጥ፤ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ በታች ከወረደ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ተሕዋስ አይገድልም። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ይበቃል። መጠኑን ከቆርቆሮው ላይ ማንበብ ነው፤ በአብዛኞቹ ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ነው። ዱቄቱ ቶሎ እንዳያልቅ ብሎ ማቅጠን ልጁን ያከሳዋል፤ ከማስራብ የማይተናነስ ጉዳት ነው አለች። 4 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 600 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልገዋል፤ ለስምንት ጊዜ ሲከፈል በአንዴ 75 ይሆናል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣ ይደፋ። የክትባት ካርድ ሳይኖረው የመጣ ልጅ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት፣ የኩፍኙም በ9 እና በ15 ወር ያለው፣ አልፎም ቢሆን የሚሟላበት መንገድ አለ። ወተቱን ጠይቆ የነበረው ሰው ስለ ዋጋ ሊቀጥል ሲል አወያዩ ወደ ጉዳዩ መለሰው።

መልስ 15። ከኮምቦልቻ ነው፤ ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው፤ የተሰጠውም ለምትወልድ ሴት ነው። ሕፃን በጉዲፈቻ የተረከበች ሠራተኛ የዓመት ፈቃዷን ሳትነካ ብታቆይ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ የጉዲፈቻ ፈቃድ እንዲያስገቡ ጠየቀ። ይህ ሐሳብ ሌላ ክር ይገባዋል።

መልስ 16። መላሽ 4 ተመልሶ መጣ፤ አሁን ስለ ንብረት። ዘመድ ሁሉ ተጣልቶ የሚያልቀው በባዳ ልጅ ምክንያት ነው አለ። መልስ 17 ለዚህ ጠንከር ብሎ መለሰ። ጸቡን የሚያመጣው ልጁ ሳይሆን የወረቀቱ አለመኖር ነው። ፍርድ ቤት ያጸደቀው የጉዲፈቻ ልጅ ከአሳዳጊው እንደ ተወላጅ ልጅ ይወርሳል። የአሳዳጊው ወንድምና እህት ጉዲፈቻውን መቃወማቸውን በጊዜው ቢያስመዘግቡ እንኳ ውጤቱ በእነሱና በልጁ መካከል ነው፤ ልጁ ከአሳዳጊው የሚያገኘውን አይነካም። ያለ ወረቀት ሃያ ዓመት ያደገ ልጅ ግን በሐዘኑ ማግስት ምስክር ፍለጋ ይንከራተታል። ጉዲፈቻው በሂደት ላይ ሳለ ለሚሰጋ ሰው ደግሞ መጠባበቂያ አለ፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ኑዛዜው ላይ የንባቡና የፊርማው ሥርዓት መፈጸሙ ካልተጻፈበት ግን ይፈርሳል፤ ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀውም በዚህች አንዲት መስመር ነው። መላሽ 4 ከዚህ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 18። የክሩ ባለቤት ተመለሰች። ተጠባባቂ አሳዳጊዋን፣ የኪራይ ውሉንና የፍለጋ ወረቀቱን ከፋይሉ ለማሟላት መወሰኗን፣ ክልከላ ከመጣም በጽሑፍ እንደምትጠይቅ ጽፋ፣ አንድ ቀሪ ጥያቄ አቀረበች፤ ልጁ አራት ዓመቱ ነው፣ ጉዲፈቻ መሆኑን መቼ ይነገረው?

መልስ 19። የመልስ 6 ጸሐፊ ናት። አሁኑኑ አለች። በሕጉም ልጁ ከወላጆቹ ዘመዶች ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም፤ ከሌላ ሰው አፍ መስማቱ አይቀርም፣ ደሴ ውስጥ ደግሞ ወሬ አያድርም። በአራት ዓመቱ ሌላ እናት እንደወለደችው፣ እሷ ደግሞ እንደምታሳድገው በሁለት ቃል ይነገረው፤ ሲጠይቅ ይጨመርለት፣ ካልጠየቀ አይጫን። ከወላጆቹ የቀረ ፎቶግራፍ፣ ልብስ ወይም ክታብ ካለ ይቀመጥለት። የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ደግሞ ትክክለኛ ግልባጭ ተብሎ ማኅተም የተመታበት ሦስት ቅጂ ታውጣ፤ አንዱ ለወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ አንዱ ለትምህርት ቤት፣ አንዱ ቤት ከልጁ ዕቃ ጋር።